የሲስተር በለጡ ትእዛዝ

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ውስጥ ሲስተር በለጡ ወልደገብርኤልን የማያውቅ ሰው ቢኖር፣ ወይ ትናንት የመጣ ተከራይ ነው፣ ወይ ከአራስ ቤት ጋር ጉዳይ ኖሮት የማያውቅ። በጤና ጣቢያው የማዋለጃ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታለች። ምጥ የያዛት ሴት «አልቻልኩም» ስትል፣ በለጡ «ችለሻል፤ የቀረሽ መግፋት ብቻ ነው» ትላለች፤ ሴቲቱም ትገፋለች። አዲስ ሐኪም ተመድቦ ሲመጣ በመጀመሪያው ሳምንት እሱ ያዛታል፣ በሁለተኛው ያማክራታል፣ በሦስተኛው እሷ ታዘዋለች። ማንም በዚህ ተቀይሞ አያውቅም፤ ትእዛዟ ልክ ነበርና። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ልክ የሆነ ሰው ደግሞ ልክ ላይሆን እንደሚችል ማሰብ ያቆማል። ይህ የእሷ ብቻ ጉድለት አይደለም።

ጡረታ ስትወጣ ሀብቷ ሁለት የኪራይ ክፍልና በቤት ማኅበሩ ውስጥ ያላት ድርሻ ነበር። ማኅበሩ አሥራ ስምንት አባላት አሉት፤ ነርሶች፣ መምህራን፣ ሾፌሮች፣ የቢሮ ሠራተኞች። አሥራ አራት ዓመት ቆጥበው ወሰን ሰፈር፣ ከጋራዦቹ ጀርባ፣ መሬት አገኙ። ባለ አራት ፎቅ ሊሠሩበት ተስማሙና የግንባታ ኮሚቴ ሰብሳቢ ይመረጥ ሲባል ሁሉም ወደ በለጡ ዞረ። ጉርድ ሾላ የጨርቅ ሱቅ ያላት ወይዘሮ ሐቢባ፣ የማኅበሩ አባልና የልብ ጓደኛዋ፣ እጇን አውጥታ፣ «ሌላ ሰው ብንመርጥም የምታዘን እሷው ናት። ቢያንስ በድምፅ ይሁን» አለች። ተሳቀና ተመረጠች።

ማኅበሩ አቅሙ ትንሽ ስለነበር ሙሉ ሥራውን ለትልቅ ድርጅት አልሰጠም። የጉልበቱን ሥራ ብቻ የሚይዝ ሀብቶም የሚባል ተቋራጭ ቀጠረ። ሰው የሱ፣ ዕቃ የማኅበሩ። ሀብቶም አርባ ዓመት ያለፈው፣ ረጋ ያለ፣ ሲናገር ጢሙን የሚያሻሽ ሰው ነው። ውሉን ያረቀቀው የማኅበሩ ጸሐፊ አቶ ታዴዎስ ነበር፤ ዕድሜውን በመዝገብ ቤት የፈጀ፣ ነጠላ ሰረዝ ያላግባብ ከገባች እንቅልፍ የማይወስደው። በለጡ ረቂቁን ሁለት ጊዜ አንብባ መለሰችለት።

«አደጋ ቢደርስስ? እዚህ ውስጥ የለም።»

«ምን ይጻፍ ይላሉ?»

«በሥራው ላይ ለሚደርስ ለማንኛውም አደጋ ተጠያቂው ተቋራጩ ነው ይባላ! እኛ ደሞዝተኞች ነን፤ በኋላ ማን ይቆምልናል?»

ተጻፈ። አንቀጽ አሥራ አንድ ሆነ። ሀብቶም ሲደርስበት ትንሽ ቆመ፤ ጢሙን አሻሸ፤ ፈረመ። በለጡ ያን ዕለት ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ ከታክሲ ወርዳ ዳገቱን እስክትጨርስ፣ ብልህ ሰው የመሆን ደስታ አብሯት ወጣ።

ሥራው ሲጀመር ደንቡ አባላት በየቅዳሜው በተራ እንዲጎበኙ ነበር። እሷ ግን በየቀኑ ትሄዳለች። ለግንበኞቹ መወጣጫ የሚሆነውን ባህር ዛፍ እንኳ ራሷ እንጦጦ ወጥታ ነው የገዛችው። ከአንድ ገበሬ ማሳ ውስጥ እያንዳንዱን ግንድ ከሥር እስከ ጫፍ አየች፤ የጎበጠውን መለሰች፣ የተሰነጠቀውን መለሰች። ገበሬው ሰልችቶት፣ «እመቤቴ፣ እንጨት ነው የሚገዙት ወይስ ሙሽራ ነው የሚመርጡት?» አላት። «ሙሽራ ቢጎብጥ ይኖራል፤ እንጨት ቢጎብጥ ሰው ይጥላል» አለችና መምረጧን ቀጠለች። የመጣው እንጨት የወሰን ግንበኞች ሁሉ ያደነቁት ነበር።

ሠራተኞቹም ወደዷት። እጁን የቆረጠውን ታስርለታለች፣ ያሳለውን ትገሥጸዋለች። ነገር ግን እያየች ዝም ማለት አይሆንላትም። «ይሄ ብሎኬት አልረጠበም።» «ያ በር ጠባብ ነው፤ አልጋ አያስገባም።» «አሸዋውን ከዚህ አንሡት።» ሠራተኛው ሀብቶምን ቀና ብሎ ያያል፤ ሀብቶም ዝም ካለ ይሠራዋል። እየቆየ ሲሄድ ቀና ብሎ ማየቱም ቀረ።

አንድ ቀን ሀብቶም ለብቻዋ አገኛትና፣ «ሲስተር፣ አንድ ሥራ ላይ ሁለት አዛዥ አይሆንም» አላት።

«እኔ መች አዘዝኩ? አስታወስኩ እንጂ።»

«እርስዎ ሲያስታውሱ እነሱ ይሮጣሉ። እኔ ስጮህ ይራመዳሉ።»

ሁለቱም ሳቁ። ነገሩም በሳቅ አለፈ፤ ማለፍ ያልነበረበት ነገር ብዙ ጊዜ የሚያልፈው በሳቅ ነው።

የኋለኛው ክፍል ሲያልቅ የፊተኛው ግድግዳ ልስን ተጀመረ። አባላቱም በዚያው ሰሞን እሑድ ዕለት ሕንጻው ግቢ ውስጥ ተሰብስበው ማን የትኛውን ቤት እንደሚያገኝ ዕጣ ሊያወጡ ቀጠሮ ያዙ። አሥራ አራት ዓመት የተጠበቀች እሑድ ናት። ሐቢባ ከሱቋ ነጭ ጨርቅ ልታመጣ፣ ሾፌሮቹ ወንበር ሊጭኑ ተነጋገሩ። በለጡ ደግሞ ሕንጻው በፊት ለፊቱ የተጨረሰ መስሎ እንዲታይላት ፈለገች። ለሕዝብ የምታሳየውን ሕፃን አጥባና ጠቅልላ ማውጣት ለምዳለች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ መጥታ ቀና ብላ ስታይ ግድግዳው አምሯል፤ ግን ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። መወጣጫው በሁለት ረድፍ ቋሚ እንጨት የቆመ ሲሆን፣ በየፎቁ አራት አምስት አግዳሚ እንጨቶች ጫፋቸው ግድግዳው ውስጥ ይገባል። እነዚያ ጫፎች የገቡበት ቀዳዳ ሳይለሰን ይቀራል። ከታች ለሚያይ፣ አዲስ ልብስ ላይ እንደተረሳ የስፌት ክር ነው።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ ፍሮምሳ እየለሰነ ነበር። ከሰንዳፋ ወዲያ የመጣ፣ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው፣ የሁለት ልጆች አባት። ከሀብቶም ሠራተኞች ሁሉ እጁ የተመሰገነ ለሳኝ እሱ ነው፤ እሱ የለሰነው ግድግዳ ላይ ውሃ ቢያፈሱ ቀጥ ብሎ ይወርዳል ይባላል።

«ፍሮምሳ!» አለች በለጡ ከታች።

«አቤት ሲስተር!»

«እነዚህን ግድግዳው ውስጥ የገቡትን እንጨቶች ማታ ሳትሄድ አውጣና ቀዳዳዎቹን ድፈንልኝ። እሑድ ሰው ይመጣል።»

ፍሮምሳ ወደ እንጨቶቹ አየ፤ ከዚያ ወደ እሷ። «ሲስተር፣ እነዚህ እኮ ናቸው መወጣጫውን የያዙት።»

«እግሩ መሬት ላይ አይደለም እንዴ? እንጨቱን እኔ ራሴ ነኝ የመረጥኩት። የትም አይሄድም።»

«ማዕዘኑ ይቀረኛል። ነገ ጠዋት ጨርሼ መወጣጫው ሲፈታ አብሮ ይወጣል።»

«ነገ የለሰንከው እስከ እሑድ ይደርቃል? እርጥብና ደረቅ ሆኖ አቡጀዲ ላይ እንደተጣፈ ቡቱቶ ይታያል። ዛሬ ድፈነው።»

«ሀብቶም ይወቀው እንግዲህ።»

«ለሀብቶም እኔ እነግረዋለሁ።»

ሀብቶም ሲሚንቶ ሊያይ ጉርድ ሾላ ሄዶ ነበር። በለጡ ከግቢው ሳትወጣ ደወለችለት፤ አላነሣም። «ሀብቶም አያነሣም» አለችው ደረሰኝ ሊሰበስብ ለመጣው ለታዴዎስ። ታክሲ ውስጥ ሆና ልትደውል አሰበች፤ ረዳቱ «መገናኛ! መገናኛ!» እያለ ይጮሃል፣ አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ያዋለደቻት ሆና ተገኘች፣ ስለ ልጁ ትምህርት ወሬ ተያዘ። ቤቷ ገብታ ስለ ወንበርና ስለ ጨርቅ አሰበች። ስልኩን ረሳችው። በሕይወቷ አንድም ሴት ደም እየፈሰሳት ረስታ አታውቅም፤ ይህን ግን ረሳች፤ ደም አልነበረበትማ።

ሌሊቱን ዘነበ። ጠዋት ላይ የቋሚዎቹ እግር ያረፈበት ቀይ አፈር ረጥቦ ነበር። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በለጡ ግቢውን እንደገባች ፍሮምሳ ባልዲውን ይዞ ሲወጣ አየችው። ሁለተኛውን ፎቅ አለፈ። እሷ ግድግዳውን ነበር የምታየው፤ አንድም ቀዳዳ የለው፤ እንቁላል መስሏል። ከዚያ ግድግዳውና መወጣጫው መካከል የሰማይ ክር ታየ። ክሩ ሰፋ። ማንም አልጮኸም፤ እንጨቶቹ ብቻ ጮኹ። መወጣጫው ከነፍሮምሳ ቀስ ብሎ፣ ሰው ከወንበር እንደሚነሣ፣ ከግድግዳው ተነሥቶ ወደ ግቢው አዘነበለና ወደቀ።

አሸዋ ክምር ላይ ነው ያረፈው፤ ያ አዳነው። ሠራተኞቹ ሊያነሡት ሲሮጡ የበለጡ ድምፅ ቀደማቸው።

«አትንኩት! ማንም እንዳይነካው! አንተ ጣውላ አምጣ፤ ረጅም፣ ቀጥ ያለ። አንተ ነጠላዬን ቅደደው፤ በስፋቱ! ፍሮምሳ፣ እኔን እየኝ። የእግር ጣትህን አንቀሳቅስ።»

ግራውን አንቀሳቀሰ። ቀኙ ከጉልበቱ በታች ወዳልሆነ አቅጣጫ ዞሯል። ዳሌውን ስትነካው እንደ በሬ አጓራ። በጣውላ አሰረችው፣ ከአራት ሰው ጋር አንድ ላይ አነሣችው፣ ከጋራዥ ፒክ አፕ አስመጥታ ከኋላ አብራው ተጫነች። ሆስፒታል ደርሰው የተቀበለው ሐኪም የታሰረውን እግር አይቶ፣ «ማነው ያሰረው?» አለ። «እኔ።» «ጥሩ ሠርተዋል፤ ይህ ባይሆን እግሩን እናጣው ነበር» አላት። በሌላ ቀን ቢሆን ይህን ቃል ለሐቢባ ሦስት ጊዜ ትነግራት ነበር። ያን ቀን ለማንም አልነገረችም።

እሑድ ዕጣው ቀረ። አባላቱ ግን መጡ፤ ወንበሮቹም መጡ። የወደቀው እንጨት ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሀብቶም ሌሊቱን ሆስፒታል አድሮ ዓይኑ ቀልቷል።

«እንጨቶቹን ማን ንቀል አለው?» አለ። «እኔ አላልኩም። ጠየቅኩት። 'ራሴ ነኝ ያወጣሁት' አለኝ። ለፖሊስም እንዲሁ ብሎ ጽፎ ፈርሟል። አሥራ አንድ ዓመት የለሰነ ሰው! እንዴት እንዲህ ያደርጋል?»

ታዴዎስ ውሉን አውጥቶ መነጽሩን አስተካከለና አንቀጽ አሥራ አንድን አነበበ። ሲጨርስ አባላቱ ተነፈሱ። የተነፈሱት ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ አሥራ አራት ዓመት የቆጠቡ ሰዎች ስለሆኑ ነው። «እግዜር ይማረው» አሉ። «እኛን ግን አያገባንም» አሉ።

በለጡ አፏን ከፈተችና ዘጋችው። በሕይወቷ እንዲህ ሆና አታውቅም። ሐቢባ አጠገቧ ነበረችና፣ «ምነው፣ ታመሽ እንዴ?» አለቻት። «አይ» አለች። ዳገቱን ያን ማታ ስትወጣ ሁለት ጊዜ ቆማ አረፈች።

ሰኞ ጠዋት ከክፍለ ከተማው የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ መጣች። መቅደላዊት የምትባል፣ ጫማዋ ጭቃ የለመደ፣ ወጣት ባለሙያ ነች። ውሉን ስታነብ ፊቷ አልተለወጠም፤ አጥፋ መለሰችና መጠየቅ ጀመረች።

«መወጣጫውን የገዛው ማነው?»

«ማኅበሩ» አለች በለጡ። «እኔ።»

«ሠራተኞቹን የቀጠራቸው?»

«ሀብቶም።»

«እዚህ ግቢ ውስጥ ሥራ የሚያዘው ማነው?»

ታዴዎስ ቶሎ ብሎ፣ «በውሉ መሠረት ተቋራጩ ነው» አለ።

«ውሉን አንብቤዋለሁ፣ ጋሼ። ውል እናንተ ሁለታችሁ እርስ በርሳችሁ ምን እንደተባባላችሁ ነው የሚነግረኝ። የወደቀው ሰው እዚህ ወረቀት ላይ የለም። እኔ የምጠይቀው፣ ሠራተኛው 'ይህን አድርግ' ሲባል የማንን ቃል ይሰማ ነበር ነው።»

ሀብቶም ወደ መሬት አየ። ሠራተኞቹ ወደ በለጡ አዩ፤ ሳያስቡት፣ ሁሌም እንደሚያዩዋት። መቅደላዊት ዓይኖቻቸውን ተከትላ አየቻት፤ ግን ምንም አልጻፈችም። «ሐሙስ ተመልሼ እመጣለሁ። እስከዚያ የምታስታውሱት ካለ ቢሮዬ ክፍት ነው» ብላ ሄደች።

በማግስቱ በለጡ ሆስፒታል ሄደች። ፍሮምሳ እግሩ ተሰቅሎ ተኝቷል። እህቱ ኪያ፣ ቁጣዋ ከቁመቷ የሚበልጥ፣ ገንፎ ታጎርሰዋለች።

«ለምን ዋሸህ?» አለች በለጡ፣ ሳትቀመጥ።

«ምኑን?»

«ታውቀዋለህ ምኑን።»

ፍሮምሳ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «አፉ የእርስዎ ነው፤ እጁ የኔ ነው። የያዘ እንጨት እንደማይነቀል ከእርስዎ በላይ አውቃለሁ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። አሁን በስተኋላ 'ሴትዮ አዘዘችኝ' ብዬ ልናገር? ለሳኝ ነኝ፤ ተላላኪ አይደለሁም።»

«ሰሙት?» አለች ኪያ። ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አጋጨችው። «እሱ እዚህ ተኝቶ ኩራቱን ይለስናል! ሁለት ልጆቹ እኔ ቤት ናቸው። 'ራሴ ነኝ' ብሎ ፈርሞ፣ ሀብቶም 'ታዲያ ምን ላድርግህ' ቢለው ማን ይፈርድለታል? ሐኪሙ ስምንት ወር አይሠራም ብሏል። ሲስተር፣ እርስዎ የሚያውቁት ነገር ካለ፣ በእግዜር ይሁንብዎ፣ እዚህ መጥተው ለሱ አይንገሩት፤ እሱ ያውቀዋል። ለሚጽፉት ይንገሩ!»

«ኪያ!» አለ ፍሮምሳ።

«ዝም በል፤ ጉረስ!»

በለጡ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ታዴዎስ ቆሞ አገኘችው፤ ፍሮምሳን ሊጠይቅ ብርቱካን ይዞ መጥቶ ከበር ሰምቷል። አብረው እስከ ታክሲው ተራ ሄዱ። እሱ ብዙ የሚያወራ ሰው አይደለም፤ ግን ያን ቀን ብዙ ተናገረ።

«ያወቅኩት ዓርብ ዕለት እርስዎ ስልክ ሲደውሉ ከጎንዎ ስለነበርኩ ነው። 'ሀብቶም አያነሣም' አሉኝ። ስለምን እንደሚደውሉለት አልጠየቅኩም። አሁን ገባኝ።» ትንሽ ተራመደ። «ሲስተር፣ ሰውየው ራሱ ፈርሟል። ውሉ አለ። እርስዎ ዝም ቢሉ ማንም ዋሹ አይልዎትም፤ አልተጠየቁማ። ቢናገሩ ግን የሚያስጠይቁት ራስዎን ብቻ አይደለም። አሥራ ስምንት ቤት ነው።»

«አንቀጽ አሥራ አንድን ያስጻፈው ማነው?»

«እርስዎ።»

«ለምን አስጻፍኩት?»

«አደጋ ቢደርስ እንዳንጠየቅ።»

«ይኸውልዎት። ኃላፊነቱን ለሀብቶም ሰጥቼ ሥልጣኑን ግን ለራሴ አስቀረሁ። ሁለቱን ለይቼ አንዱን ብቻ መውሰድ ይቻላል ብዬ ነበር። እኔ ክፍል ውስጥ አንዲት ሴት ብትጎዳ 'ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ የሠራችው ግን ተማሪዋ ናት' ብል ሰው ነኝ?» ታክሲው መጣ። «አቶ ታዴዎስ፣ በሰዋስው እርስዎ ይበልጡኛል። በዚህ ግን አይበልጡኝም።» ብላ ገባች።

ቤቷ አልሄደችም። በቀጥታ መቅደላዊት ቢሮ ገባች። ዓርብ ያለችውን፣ ፍሮምሳ የመለሰላትን፣ እሷ የደገመችውን፣ ስልኩን፣ ሁሉንም፣ የማዋለጃ ክፍል ሪፖርት እንደምታቀርብ በሰዓትና በቅደም ተከተል ተናገረች። መቅደላዊት ስትጽፍ ቆየችና አነበበችላት፤ «የማኅበሩ ተወካይ እንዲነቀል ትእዛዝ ሰጥተዋል...»

«ተወካይ አትበይ፣ ልጄ። ስሜን ጻፊው።»

«ሲስተር፣ ትእዛዙን የሰጡት በማኅበሩ ስም ስለሆነ ሁለቱም ይጻፋሉ። ስምዎም ማኅበሩም። ይህ ማለት ማኅበሩም እንደ አሠሪ ይጠየቃል ማለት ነው። ገብቶዎታል?»

«ገብቶኛል። ጻፊው።» ፈረመች።

የአባላቱ ስብሰባ የተጠራው በማግስቱ፣ ረቡዕ ማታ፣ ከሥራ መልስ ነው። በለጡ ቆማ ነገረቻቸው። ሁሉም በአንዴ ተናገረ።

«ጡረታዬን ነው ያፈሰስኩት!» አለ አንድ ሾፌር።

«ማን ላከዎት? ማን ይናገሩ አለዎት?» አለች አንዲት መምህርት። «ሰውየው ራሴ ነኝ ብሎ እያለ!»

«ሁሉን ነገር አዛዥ! ሁሉን ነገር አዋቂ!» አለ ከኋላ ያለ።

በለጡ ሁሉንም ሰማች። መልስ መስጠት የእነሱን ተራ መውሰድ እንደሚሆን ገብቷታል። በመጨረሻ ሲደክማቸው፣ «ጨረሳችሁ?» አለች። «ስድቡ ይገባኛል፤ ተቀብያለሁ። አሁን ስለ ሥራው እንነጋገር። ያ ሰው የወደቀው የእኛን እንጨት ይዞ፣ የእኛን ግድግዳ ሲያሳምር፣ በእኛ ሰው ትእዛዝ ነው። ቤታችሁ ስትገቡ በዚያ ግድግዳ ላይ ሥዕል ልትሰቅሉ ነው። ፍሮምሳ እስኪቆም የሚያስፈልገውን ማኅበሩና ሀብቶም ተካፍለው ይሸፍኑ ነው የምለው። የሚያስቀይማችሁ ከሆነ ከኮሚቴው አውጡኝ፤ ከድርሻዬም ቀንሱ። ዝም በይ ግን አትበሉኝ፤ አይሆንልኝም።»

በሩ አጠገብ የቆመው ሀብቶም ጉሮሮውን ጠረገ። ማንም ይናገራል ብሎ አልጠበቀውም። «እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም» አለ። «ሳይቱን ትቼ ስሄድ በቦታዬ ሰው አልተውኩም። ቅዳሜ ጠዋትም ሰው ከመውጣቱ በፊት መወጣጫውን አላየሁም። ሲስተር ሲያዙ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሥራ ያቀልልኝ ነበር። ድርሻዬን አልሸሽም። ብቻዬን አሸክማችሁኝ ቢሆን ግን እሸሽ ነበር፤ እውነቱን ነው የምነግራችሁ።»

ታዴዎስ ተነሣ። ሁሉም አንቀጽ አሥራ አንድን ሊያነብ ነው ብሎ ጠበቀው። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ «ድምፅ ይሰጥ» አለ ብቻ።

አሥራ አንድ ሰው ደገፈ፤ ስድስት ተቃወመ። በለጡ ድምፅ አልሰጠችም። ከኮሚቴ ትውጣ የሚለውም ቀረበና ወደቀ፤ በሁለት ድምፅ ብቻ፣ ግን ወደቀ። የታክሲ ሰዓት ስላለፈባቸው ሰዎች ቦርሳቸውን ማንሣት ሲጀምሩ በለጡ እጇን አወጣች።

«አንድ ነገር። ከነገ ጀምሮ እዚህ ግቢ ውስጥ ከሀብቶም በቀር ለሠራተኛ ትእዛዝ የሚሰጥ ሰው አይኑር። ማንም አባል! ያየው ጉድለት ካለ ለሀብቶም ይንገር። መወጣጫውን ጠዋት ጠዋት ሀብቶም ሳያየው ሰው አይውጣበት። እኔም ጭምር አላዝም። አቶ ታዴዎስ፣ ይጻፉት!»

«ይኸው አዘዘች!» አለች ሐቢባ።

ሳቁ። የተቃወሙት እንኳ ሳቁ፤ ያ ሾፌር ብቻ ሳይስቅ ወጣ፤ እስከ ዛሬም ሰላምታው ቀዝቃዛ ነው። እሷም አትወቅሰውም።

ሐሙስ በለጡ ውሳኔው የተጻፈበትን ወረቀት፣ ማኅተም ያለበትን፣ ይዛ ሆስፒታል ሄደች። ፍሮምሳ ቀድሞ ሰምቷል። ሀብቶም ነግሮታል። ፊቱ ተቋጥሯል።

«በሰው ፊት ውሸታም አደረጉኝ።»

«ዋሽተህ የለ?»

«ለእርስዎ ብዬ ነው።»

«ለኔ ብለህ አይደለም። ታዝዞ አደረገው ከምትባል፣ ለሳኙ ራሱ ተሳሳተ መባልን መርጠህ ነው። እኔም ያንተ ቢጤ ነኝ፤ ስለዚህ አትዋሸኝ።» ወንበር ስባ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች። «እምቢ ማለት ነበረብኝ ያልከው እውነት ነው። ግን እምቢ እንደማይሉት እያወቀ ያዘዘ ሰው፣ በታዘዘው ላይ ሊያሳብብ አይችልም። እንግዲህ ሁለታችንም ይብቃን።»

ፍሮምሳ እጁን ለወረቀቱ ዘረጋ። በለጡ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችና ለኪያ ሰጠቻት።

«አንቺ ያዢው። ይሄ ሰው እጁ ከገባ ይቀደዋል።»

«እውነትዎን ነው፣ ይቀደዋል» አለች ኪያ፤ ወረቀቱን አራት ላይ አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

«እዚሁ ተኝቻለሁ እኮ» አለ ፍሮምሳ። «እሰማለሁ።»

«ስማ እንግዲህ» አለች በለጡ፤ ብርድ ልብሱን ገልጣ የእግሩን እብጠት በጣቷ እየተጫነች። «ሐኪሙ ተነሥ እስኪልህ ድረስ በዚህ እግር አትቆምም። ይህን የማዘው በሙያዬ ነው። እምቢ የምትል ከሆነ አሁኑኑ በል።»

ፍሮምሳ ጣሪያውን አየ፤ እህቱን አየ፤ ትንሽ አሰበ።

«እምቢ የምልበት ነገር የለውም» አለ። «ልክ ነው።»